የቴምብሩን ሂሳብ ማን ይከፍላል?

እንግሊዛዊው ሮውላንድ ሂል እ.ኤ.አ. በ1837 አንድ ትንሽ መጽሐፍ አሳትሞ የአገሩን ፖስታ ቤት አስደነገጠ። ያነሳው ጥያቄ ቀላል ነበር፦ አንድ ደብዳቤ ከለንደን ኤዲንብራ ለመድረስ በእርግጥ ስንት ያስወጣል? በዘመኑ ፖስታ ቤቱ ለዚህ መንገድ ከአንድ ሺሊንግ በላይ ያስከፍል ነበር። ዋጋው የሚወሰነው በመንገዱ ርዝመትና በወረቀቱ ብዛት ሲሆን፣ ብዙውን ጊዜ የሚከፍለውም ላኪው ሳይሆን ተቀባዩ ነው። ሂል ቁጭ ብሎ አሰላው። ደብዳቤውን የማጓጓዙ ወጪ የአንድ ፔኒ 36ኛ እጅ ብቻ ሆኖ አገኘው፤ 12 ፔኒ ደግሞ አንድ ሺሊንግ ነው። ገንዘቡን የሚበላው መንገዱ አልነበረም። የሚበላው ደብዳቤውን የሚቆጥረው፣ ዋጋ የሚተምንበት፣ መዝገብ ላይ የሚያሰፍረውና በር እያንኳኳ ሂሳብ የሚሰበስበው የሰው ጉልበት ነበር።

ከሦስት ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በጥር 1840፣ በብሪታንያ ውስጥ ለቀላል ደብዳቤ የትም ይሂድ የት አንድ ፔኒ ብቻ እንዲከፈል ተወሰነ። በግንቦት ደግሞ ላኪው አስቀድሞ የሚገዛው ቴምብር ወጣ። በዚያው ዓመት ባዝ በተባለች ከተማ ይኖር የነበረ አይዛክ ፒትማን የሚባል መምህር፣ የፈጠረውን ሾርትሃንድ የሚባል ፈጣን አጻጻፍ በአንድ ገጽ አሳትሞ በአንድ ፔኒ መሸጥ ጀመረ። ተማሪው የመጽሐፍ ቅዱስ ጥቅሶችን በአዲሱ አጻጻፍ ገልብጦ በፖስታ ይልካል፤ ፒትማን አርሞ ይመልስለታል። የርቀት ትምህርት ታሪክ ሲነሳ አብዛኛው ሰው መነሻ የሚያደርገው ይህንን ነው።

ታሪኩ ሲተረክ ግን አንድ ነገር ይዘለላል። የሚታረመው ወረቀት ሲበዛ ፒትማን ብቻውን አልቻለውም። እ.ኤ.አ. በ1843 የተቋቋመ የደብዳቤ ማኅበር ሥራውን ተረከበ፤ አባላቱ የማያውቋቸውን ሰዎች መልመጃ ያለ ክፍያ ያርሙ ነበር። ቴምብሩ ትምህርቱን የማድረሻውን ዋጋ አወረደው። የማረሚያው ዋጋ ግን አልወረደም፤ ሰዎች በነፃ ስለሠሩት ብቻ ከሂሳቡ ላይ ጠፋ።

ከዚያ ወዲህ ባሉት 180 ዓመታት በርቀት ትምህርት ውስጥ እነዚህ ሁለት ሂሳቦች ጎን ለጎን ሲሄዱ ኖረዋል። አንደኛው ትምህርቱን የማድረስ ሂሳብ ነው። ሁለተኛው ደግሞ ተማሪው የጻፈውን አንብቦ፣ «እዚህ ጋ ተሳስተሃል፤ የተሳሳትከውም በዚህ ምክንያት ነው» ብሎ የሚመልስ ሰው ሂሳብ። ቴክኖሎጂ የመጀመሪያውን በየትውልዱ እየቆረጠ ጥሎታል። «የርቀት ትምህርት ረከሰ» በተባለ ቁጥር መጠየቅ ያለበት ሁለተኛውን ማን እየከፈለ ነው የሚለው ነው።

*

ይህን በጊዜ የተረዱት ነጋዴዎች ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ1891 በአሜሪካ ፔንሲልቫኒያ፣ ስክራንተን ከተማ፣ ቶማስ ፎስተር የተባለ የጋዜጣ ሰው ለድንጋይ ከሰል ማዕድን ሠራተኞች የደብዳቤ ትምህርት ጀመረ። ሐሳቡ መልካም ነበር፤ ማዕድን ማውጫ ውስጥ ብዙ ሰው ይሞት ስለነበር ሠራተኛው የደኅንነት እውቀት ያስፈልገው ነበር፣ ፈተናውን ሲያልፍም የደረጃ እድገት ያገኛል። ትምህርት ቤቱ በጥቂት አሥርት ዓመታት ውስጥ ከ2 ሚሊዮን በላይ ሰው መዘገበ።

ነገር ግን ከመልካሙ ሐሳብ ጋር አንድ የንግድ ዘዴ አብሮ አደገ። በኮሚሽን የሚሠሩ ሻጮች ቤት ለቤት እየዞሩ ይመዘግባሉ፤ ተማሪው ውል ፈርሞ መክፈል ይጀምራል፤ አብዛኛው ከጥቂት ትምህርቶች በኋላ ይተወዋል። የተወው ተማሪ ወረቀት አይልክም፤ ወረቀት ካልላከ አራሚ አያስፈልገውም። ለንግዱ ከእሱ የተሻለ ደንበኛ የለም። ጆን ኖፍሲንገር እ.ኤ.አ. በ1926 ባሳተመው ጥናት የእነዚህን የደብዳቤ ትምህርት ቤቶች አሠራር ሲመረምር ያገኘው ይህንኑ ነው፦ ብዙዎቹ የሚኖሩት በማይጨርሱ ተማሪዎች ገንዘብ ነበር። ዛሬ «ተመዝጋቢ» እና «ተመራቂ» የሚሉት ሁለት ቁጥሮች ተቀላቅለው በዜና ሲነገሩ ለሰማ ሰው ነገሩ አዲስ አይሆንበትም።

በሌላ በኩል ይኸው የፖስታ ትምህርት ሌላ በር ለተዘጋባቸው ሰዎች ብቸኛው በር ነበር። የለንደን ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. ከ1858 ጀምሮ ፈተናውን የትም ሆኖ ለተማረ ሰው ክፍት አደረገ። የደቡብ አፍሪካው ዩኒሳ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1946 የደብዳቤ ትምህርት መስጠት ጀመረ። ኔልሰን ማንዴላ የሕግ ትምህርታቸውን በእስር ቤት ሆነው በእነዚህ ሁለት ተቋማት በኩል ተከታትለው የሕግ ዲግሪያቸውን እ.ኤ.አ. በ1989 ከዩኒሳ አገኙ። በሮበን ደሴት መጽሐፍና ደብዳቤ የመቀበል ፈቃድ ራሱ በቅጣት የሚነጠቅ ነገር ነበር። ይኸው ዩኒሳ ከጊዜ በኋላ አዲስ አበባ አቃቂ ላይ ማዕከል ከፍቶ ኢትዮጵያውያንን አስተምሯል።

*

የርቀት ትምህርትን ሂሳብ በግልጽ ጠረጴዛ ላይ ያወጣው ግን የእንግሊዙ ኦፕን ዩኒቨርሲቲ ነው። ሃሮልድ ዊልሰን እ.ኤ.አ. በመስከረም 1963 ግላስጎ ላይ ባደረጉት ንግግር ሐሳቡን ሲያነሱ «የአየር ላይ ዩኒቨርሲቲ» ነበር የተባለው። ሬዲዮና ቴሌቪዥን ፕሮፌሰሩን እሳሎን ድረስ ያመጡታል፤ የአውቶቡስ ሾፌሩም የቤት እመቤቷም ከሥራ በኋላ ይማራሉ። ጄኒ ሊ የተባሉት ሚኒስትር ሐሳቡን እስከ መጨረሻው ተዋጉለት። ተቋሙ እ.ኤ.አ. በ1969 ቻርተሩን አገኘ፤ በ1971 መጀመሪያ ላይ ወደ 25 ሺህ የሚጠጉ ተማሪዎችን ተቀብሎ ሥራ ጀመረ። በመካከሉ መንግሥት ተቀይሮ ወግ አጥባቂዎቹ ሲገቡ ብዙዎች ይዘጋል ብለው ጠብቀው ነበር። የትምህርት ሚኒስትሯ ማርጋሬት ታቸር ግን አልዘጉትም። በዚህ መንገድ የሚገኝ ዲግሪ ለመንግሥት ርካሽ መሆኑ ገብቷቸዋል።

ለምን ረከሰ? በእግሊዝ ቴሌቪዥን ሌሊት ሌሊት ይታዩ የነበሩት ጢማም መምህራን የተቋሙ መታወቂያ ሆነው ቀሩ እንጂ፣ ከተማሪው የጥናት ሰዓት ቴሌቪዥኑ የሚወስደው ትንሹን ድርሻ ነበር። ዋናው ሥራ የሚሠራው በጥንቃቄ በተዘጋጁ የታተሙ መጻሕፍት፣ ለሳይንስ ተማሪዎች ቤታቸው ድረስ በሚላኩ የቤተ ሙከራ ዕቃዎች፣ በክረምት በሚደረጉ የአንድ ሳምንት ትምህርቶች፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ በየአካባቢው በተቀጠሩ የትርፍ ሰዓት አስጠኚዎች ነበር። ተማሪው አሳይመንት ይልካል፤ አስጠኚው በኅዳጉ ላይ አስተያየት ጽፎ ይመልሳል። የፒትማን ሥራ ነው፤ ልዩነቱ እዚህ አራሚው ደመወዝ አለው።

የምጣኔ ሀብት ባለሙያዎቹ ሌይድሎና ላያርድ እ.ኤ.አ. በ1974 ይህንን ሲያጠኑ የሂሳቡ ሚስጥር ታየ። እንበልና አንድ ኮርስ ለማዘጋጀት 1 ሚሊዮን ብር ይፈጃል። 100 ሰው ቢማረው በነፍስ ወከፍ 10,000 ብር ነው። 10,000 ሰው ቢማረው 100 ብር። እስከዚህ ድረስ ተአምር ነው። ነገር ግን የአንድን ተማሪ ሥራ ለማረም በዓመት 1,000 ብር የሚያስወጣ ከሆነ፣ ተማሪው 100ኛም ይሁን 10,000ኛ ያው 1,000 ነው። ብዛት የዝግጅቱን ወጪ ያቀልጠዋል፤ የአስጠኚውን አይነካውም። ጥቂት ተማሪ ያላቸው የከፍተኛ ዓመት ኮርሶች ደግሞ ከመደበኛው ዩኒቨርሲቲ ያን ያህል እንደማይረክሱ ጥናቱ አሳይቷል።

እናም ወጪ ቀንስ የተባለ አስተዳዳሪ ሁሉ ዓይኑ መጀመሪያ የሚያርፈው አስጠኚው ላይ ነው። ኦፕን ዩኒቨርሲቲ ለአሥርት ዓመታት ይህን ፈተና የተቋቋመው የመንግሥት ገንዘብ ስለነበረው ነው። እ.ኤ.አ. በ2012 በእንግሊዝ የዩኒቨርሲቲ ድጎማ ሲቆረጥ የአንድ ሙሉ ዓመት ትምህርት ክፍያ ወደ 5,000 ፓውንድ ተተኮሰ፤ ከቀድሞው ከእጥፍ በላይ ማለት ነው። የተማሪው ቁጥርም በከፍተኛ መጠን ወደቀ። ልብ በሉ፣ በዚያ ዓመት ቴክኖሎጂው ከ1971ዱ በማይነጻጸር ሁኔታ ረክሶ ነበር። ተማሪው ግን ታሪኩን ሁሉ ከፍሎት የማያውቀውን ከፈለ።

*

ወደ አገር ቤት ስንመጣ ታሪኩ የራሱ መልክ አለው። በኢትዮጵያ ፖስታ ቤት ለቤት አይደርስም፤ ሰዉ የሚያውቀው የፖስታ ሣጥን ቁጥርን ነው። ስለዚህ የእኛ የርቀት ትምህርት በፖስታ ሳይሆን በአውቶቡስ ነው የተጓዘው። ከ1990ዎቹ ጀምሮ የግል ኮሌጆች በየዞኑ ከተማ ማስተባበሪያ ማዕከል ሲከፍቱ፣ «ሞጁል» የሚለው ቃል የመንግሥት ሠራተኛው የዘወትር ቃል ሆነ። የወረዳ ባለሙያው፣ የገጠር መምህሩ፣ የጤና ጣቢያ ሠራተኛዋ ሞጁላቸውን ከማዕከሉ ተቀብለው ይሄዳሉ፤ ለቱቶሪያልና ለፈተና ቅዳሜና እሑድ ይመለሳሉ።

የኮሌጁ ደረሰኝ ላይ የሚጻፈው የክሬዲት አወር ክፍያ ብቻ ነው። ተማሪው ግን የአውቶቡስ ትኬት፣ የአልጋ፣ የምሳ፣ የፎቶ ኮፒ ሂሳብ አለበት። ከወረዳ ወጥቶ ዞን ከተማ ለአንድ ቱቶሪያል የሚያድር መምህር ዓመቱን ሙሉ ለመንገድ ያወጣውን ቢደምረው ለኮሌጁ ከከፈለው ጋር ሊወዳደር ይችላል። ሂል ያንን መጽሐፍ የጻፈው ለኢትዮጵያ ቢሆን ኖሮ መልሱ ሌላ ይሆን ነበር፤ እዚህ መንገዱም ያስከፍላል።

ያም ሆኖ ይህ ትምህርት በብዙ ሺህ የሚቆጠር ሠራተኛ ሥራውን ሳይለቅ፣ ልጆቹን ሳይበትን ዲፕሎማና ዲግሪ እንዲይዝ አድርጓል። ይህንን ማቃለል ተገቢ አይደለም። ችግሩ ያው ሁለተኛው ሂሳብ ነው። አሳይመንቱን በትክክል የሚያነብ መምህር ገንዘብ ይፈልጋል፤ ተቋማት ደግሞ የሚወዳደሩት በዋጋ ነው። ውጤት ብቻ ተጽፎበት፣ አንዳንዴም ያለ ምንም ምልክት የሚመለስ አሳይመንት የተለመደ ሆነ። የሚያነብ ከሌለ መጻፍስ ለምን? አሳይመንትና የመመረቂያ ጽሑፍ በክፍያ የሚሠሩ ቤቶች በየከተማው የበዙት አለምክንያት አይደለም። ለአራሚው ያልተከፈለው ገንዘብ ዞሮ ለገልባጩ ተከፈለ።

በነሐሴ 2002 ዓ.ም. ትምህርት ሚኒስቴር የርቀት ትምህርት በመንግሥትም በግልም ተቋማት እንዲቆም አዘዘ፤ የግል ተቋማት ሕግና የመምህራን ሥልጠና እንዳይሰጡም ጨምሮ። ምክንያቱ ጥራት ነበር። ተማሪውም ተቋሙም ተደናገጠ፤ ከድርድር በኋላ እገዳው ላላና አዳዲስ መስፈርቶች መጡ። የጥራት ስጋቱ ከሜዳ የመጣ አልነበረም። ሆኖም ትእዛዙ በሽታውን ከአልጋው ጋር የጣለ ይመስል ነበር፤ ጥያቄው ትምህርቱ በርቀት መሰጠቱ ሳይሆን አሳይመንቱን ማን እንደሚያነበው ነበርና።

መንግሥት ራሱስ? ከዚያ አምስት ስድስት ዓመት ቀደም ብሎ፣ በ1997 ዓ.ም.፣ በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች የፕላዝማ ትምህርትን ዘርግቶ ነበር። ትምህርቱ ደቡብ አፍሪካ ውስጥ በእንግሊዝኛ ተቀርጾ በሳተላይት ይለቀቃል። ብቁ መምህር በሌለበት የገጠር ትምህርት ቤት እንኳ ጥሩ ትምህርት ይድረስ ነው ሐሳቡ፤ መድረሱም ደረሰ። ነገር ግን ማያው ከክፍለ ጊዜው አብዛኛውን ይወስዳል፤ ያልገባው ተማሪ እጁን ቢያወጣ ትምህርቱ አይቆምለትም፤ መምህሩም በገዛ ክፍሉ ውስጥ ተመልካች ሆነ። በዘመኑ የተማረ ሁሉ መብራት ሲጠፋ በክፍሉ ውስጥ ይሰማ የነበረውን የእፎይታ ድምፅ ያስታውሳል። የአሜሪካ ሳሞአ ደሴቶች እ.ኤ.አ. ከ1964 ጀምሮ ተመሳሳይ የቴሌቪዥን ትምህርት ሞክረው በሚቀጥለው አሥርት ዓመት ቀስ በቀስ አፈግፍገው ነበር። እዚያ የሆነውን ያነበበ አልነበረም፣ ወይም የሰማው አልነበረም።

*

ከዚያ ኮሮና መጣ። መጋቢት 7 ቀን 2012 ዓ.ም. ትምህርት ቤቶች ሲዘጉ በአንድ ሌሊት ሁሉም ተማሪ የርቀት ተማሪ ሆነ። የመንግሥት ትምህርት ቤቶች ሬዲዮና ቴሌቪዥን ላይ ተማመኑ፤ የግሎቹ ማስታወሻና መልመጃ በቴሌግራም መላክ ጀመሩ። ወላጅና ትምህርት ቤት በወርሃዊ ክፍያ ተጨቃጨቁ። ወላጁ «ልጄን ቤት ያስተማርኩት እኔ፣ ዳታውን የገዛሁት እኔ፤ ለምኑ ነው የምከፍለው?» ይላል። ትምህርት ቤቱም «መምህሩ ደመወዝ ይፈልጋል» ይላል። ሁለቱም ልክ ነበሩ። በዚያ ሰሞን ሁለቱ ሂሳቦች በአንድ ቤት ውስጥ ፊት ለፊት ተገናኙ።

ከሁለት ዓመት በፊት፣ በነሐሴ 2010፣ ኢትዮ ቴሌኮም የሞባይል ኢንተርኔት ዋጋውን በ43 በመቶ ቀንሶ ነበር። ያ ቅናሽ ባይኖር ኮሮና ምን ያህል ይከፋ እንደነበር መገመት ይቻላል። ቢሆንም ሦስት ልጅና አንድ ስማርት ስልክ ላለው ቤት ቅናሹ ስልክ አይጨምርለትም፤ አባት ስልኩን ይዞ ሥራ ከሄደ ትምህርቱም አብሮ ይሄዳል።

ሌላም ነገር አለ። ፖስታ ይዘገያል፤ አውቶቡስ ይበላሻል። ኢንተርኔት ግን በአንድ ትእዛዝ ይዘጋል። በሰኔ 2012 መጨረሻ ከድምፃዊ ሃጫሉ ሁንዴሳ ግድያ በኋላ በመላ አገሪቱ ለሳምንታት ተዘጋ። በትግራይ ጦርነቱ ከተቀሰቀሰበት ከጥቅምት 2013 መጨረሻ ጀምሮ ስልክም ኢንተርኔትም ለረጅም ጊዜ ጠፋ። በአማራ ክልል ከሐምሌ 2015 መጨረሻ ጀምሮ የሞባይል ዳታ ለበርካታ ወራት ተዘጋ። ለዜና አንባቢ ይህ የፖለቲካ ጉዳይ ነው። በኦንላይን ለሚማር ሰው ደግሞ ትምህርት ቤቱ መታሸጉ ነው፤ ከፍሎ ሳይማር የቀረበትን ወር የሚመልስለትም የለም።

*

በዓለም ደረጃ «ትምህርት ነፃ ሆነ» የተባለው እ.ኤ.አ. በ2011 መገባደጃ ላይ ነው። የስታንፎርዱ ሴባስቲያን ትረንና ፒተር ኖርቪግ የአርቴፊሻል ኢንተለጀንስ ኮርሳቸውን በኢንተርኔት ለሁሉም ከፈቱት። ወደ 160 ሺህ ሰው ተመዘገበ። እስከ መጨረሻው የዘለቀው ከሰባት አንድ ያህሉ ነበር። ትረን ኡዳሲቲ የተባለ ኩባንያ መሠረተ፤ በተከታዩ ዓመት ኮርሴራ መጣ። ከዚያ በኋላ በተደረጉ ጥናቶች በእነዚህ ግዙፍ የነፃ ኮርሶች የሚጨርሰው ሰው በአብዛኛው ከ10 በመቶ በታች ሆኖ ተገኘ። ኡዳሲቲ እ.ኤ.አ. በ2013 ከሳን ሆዜ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ጋር ደካማ መሠረት ላላቸው ተማሪዎች የሒሳብ ኮርስ ሲሞክር አብዛኛው ተማሪ ወደቀ፤ ሙከራውም ቆመ። ከስታንፎርድ የወጣው ቪዲዮ ያው ጥሩ ቪዲዮ ነው። የጎደለው የፒትማን ማኅበር ነው።

የተሳካም አለ፤ ለፍትሕ ሲባል መጠቀስ አለበት። የጆርጂያ ቴክ ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ2014 የጀመረው የኮምፒውተር ሳይንስ የኦንላይን ሁለተኛ ዲግሪ ጠቅላላ ክፍያው 7,000 ዶላር ገደማ ነበር፤ በመደበኛው ክፍል ከሚጠየቀው ጋር ሲነጻጸር ጥቂት እጁ ነው። እዚያ ዋጋው የወረደው አራሚዎቹን በማባረር አልነበረም። ተቋሙ የተማሪዎችን ሥራ የሚያዩና ጥያቄ የሚመልሱ ብዙ ረዳቶችን ቀጥሯል። ተማሪዎቹም ቀድሞ ዲግሪ ያላቸው፣ አብዛኞቹ ሥራ ላይ ያሉ ናቸው። ያለ አጋዥ መማር የሚችል ሰው ቀድሞ ብዙ ተከፍሎበት የተማረ ሰው ነው።

ለኢትዮጵያዊው ተማሪ ደግሞ «ነፃ» የሚለው ቃል ሌላ መስመር አለው። ቪዲዮውን ማየት በነፃ ነው፤ ሰርተፍኬቱ በዶላር ነው። በኮርሴራ የተለመደው 49 ዶላር ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሬው በገበያ እንዲመራ ከመወሰኑ በፊት በባንክ ዋጋ 2,800 ብር ገደማ ነበር። ዶላር ከ100 ብር ባለፈባቸው በቀጣዮቹ ሳምንታት ከ4,900 ብር በላይ ሆነ። ኮርሱ አልተለወጠም፤ ኩባንያውም ሳንቲም አልጨመረም።

በዚያው ሐምሌ ወር ከተባበሩት አረብ ኤምሬትስ ጋር በመተባበር «5 ሚሊዮን ኮደሮች» የተባለው ፕሮግራም ይፋ ሆነ። ኮርሶቹ የኡዳሲቲ ናቸው፤ ያው ትረን የመሠረተው ኩባንያ። ክፍያ የለውም፤ ሰርተፍኬቱም በነፃ ነው፤ ዶላር ፍለጋ የለም። ለወጣቱ ትልቅ ዕድል ነው፤ ብዙ መሥሪያ ቤትና ዩኒቨርሲቲም ሠራተኛውንና ተማሪውን እያስመዘገበ ነው። ላፕቶፑ፣ መብራቱና ዳታው የተማሪው ነው። ኮዱ አልሠራ ብሎ ሌሊት ስድስት ሰዓት ላይ ሲጣበቅበት፣ የስህተቱን መልእክት ፎቶ አንስቶ የሚለጥፈው ጓደኞቹ በከፈቱት የቴሌግራም ግሩፕ ላይ ነው። እዚያ አንድ የማያውቀው ልጅ፣ ምናልባት ጂማ፣ ምናልባት ደሴ ያለ፣ አይቶ «ሦስተኛው መስመር ላይ ቅንፉን አልዘጋኸውም» ብሎ ይመልስለታል። ልክ በ1843 የማያውቁትን ሰው ወረቀት ያርሙ እንደነበሩት፣ ይህም ልጅ አይከፈለውም። ዳታውን ደግሞ ከኪሱ ነው የሚገዛው።